ቀይ መስመር የሌለው ባና

በሰባ ሰባቱ ድርቅ የቤታቸው በጎች ሁሉ ሲያልቁ ሸማኔው ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ ሰው ቤት ተጠግተው ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ብርድ ልብስ፣ ባናን፣ መሥራት የለመዱት ያኔ ነው። ዛሬ ጢማቸው ሸብቷል። ቀየት ገበያ ላይ ባናቸውን ዘርግተው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ይቀመጣሉ፤ ቀና የሚሉት ደንበኛ ሲመጣ ብቻ ነው።

አስተማሪዋ እስከዳር ለወንድሟ ሠርግ ባለ ቀይ መስመር ባና ፈልጋ መጣች።

«ቀዩ ቀርቷል፣ ልጄ።»

«ምነው አባባ፣ በጎቹ አኮረፉ?»

ሸማኔው ከት ብለው ሳቁ።

«በጎቹስ ደህና ናቸው፤ ያኮረፈው ዶላሩ ነው። ቀለሙ ከውጭ ነው የሚመጣው። የአዲስ አበባው ነጋዴ ጠዋት የነገረኝን ዋጋ ከሰዓት ይሽረዋል። አንዴ ጨምሮ ቢረጋ እኔም ጨምሬ በሸጥኩ። ለባለ ሠርግ ግን ዋጋ የምቆርጠው ዛሬ፣ ባናውን የማደርሰው ከወር በኋላ ነው። ሁለቴ ከሰርኩበት።»

እስከዳር ጥቁርና ነጩን ባና አገላበጠች። «ሙሽራ በጥቁር? ለቅሶ አስመሰሉትኮ!»

«ለዚህ ብዬ ነጩን አብዝቼበታለሁ፤ እስቲ ዘርጊው።»

ዘረጋችው፤ ደስ አላት፤ ገዛችው።

«ቀዩ ግን አይቆጭዎትም?»

«እንዴት አይቆጨኝ! የታወቅሁበት እሱ ነው። ግን ጠጉር የሚፈትሉልኝ አራት ሴቶች አሉ፤ አንዴ ደግሜ ብከስር የማሰናብተው እነሱን ነበር። ትናንት ማታ ‹ነገም እንምጣ?› ሲሉኝ ‹ኑ› አልኳቸው። እሱን ማለት መቻሌ ይበልጥብኛል።»