የረባሽ ስም ዝርዝር

ባለፈው ሳምንት አጥር የምንጋራት አዲሷ አስተማሪ ደብተርና እስክርቢቶ ይዛ መጣች። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፤ የሱዳኗ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማዋን ይዞባት አንድ እግሯን እየጎተተች ገባች። "እትዬ ብርቱካን፣ ሰኞ ክፍል እገባለሁ። ለልጆቹ ምን ምን ሕግ ላውጣላቸው?" አለችኝ። አምስት ስድስት ነገር ነገርኳት። ቀጥላ፣ "የረባሾችን ስም የክፍል አለቃው እየጻፈ ይስጠኝ ብልስ?" አለች። የያዝኩትን ሻሂ ሳልጠጣው መልሼ አስቀመጥኩ። "ተዪው" አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ነገሩ ረጅም ሆኖ አይደለም፤ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከጭልጋ ተነሥተን፣ በመተማ በኩል በእግራችን ተሻግረን፣ ገዳሪፍ ሳይደረስ ካለች አንዲት የስደተኛ መጠለያ ገባን። እዚያ ጋሽ ታፈረ የሚባሉ የድሮ መምህር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ራኩባ ነው፣ በባላ ላይ ሣር የተከደነ ጥላ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፣ ሁለተኛውን ዘነቡ ለምትባል ልጅ። እኩለ ቀን ላይ ለተማረ ልጅ ሁሉ አንድ አንድ ጣሳ አጥሚት ይታደላል። ክፍል ያልገባ አያገኝም። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ብዙዎቹ እናቶች ልጆቻቸውን የሚልኩት ለፊደሉ ሳይሆን ለጣሳዋ ነበር፤ ማን ይፈርድባቸዋል!

እኔ ጎንደር ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ዘነቡ አራተኛ ናት። አባቷ ለሰሊጥ ሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነውና ሱዳን ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው። ስትስቅ ከሩቅ ትሰማለች። ልጆቿ "ሀ ሁ" ሲሉ ድምፃቸው የእኔን ክፍል ይሞላዋል፤ የእኔዎቹ ደግሞ እኔን ትተው አንገታቸውን ወደዚያ ያዞራሉ። ጋሽ ታፈረ እንኳ ቆመው የሚሰሙት እሷን ነው። ቀናሁባት። ሌላ ስም የለውም፣ ቀናሁባት። አሁን ይቺ ምን ታውቃለችና ነው! እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት እውል ነበር።

በምን ልብለጣት? በሥርዓት። በባትሪ ድንጋይ ጥላሸት ባጠቆርናት ሳንቃ ላይ ዘጠኝ ሕግ ጻፍኩ። ፊት ታጥቦ መምጣት፤ መምህር ሲገባ መነሣት፤ ሳይፈቀድ አለመናገር። መጨረሻው፣ የሚረብሽ ልጅ በአለቃው ስሙ ይጻፋል የሚል ነው። እኛም ጎንደር የተማርነው እንደዚያ ነዋ! መጻፍ የሚችል አንድ ልጅ አለቃ አደረግኩ፣ ከዱቄት ከረጢት የተቀደደ ወረቀት ሰጠሁት። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ስም ጽፎ አመጣ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ክፍሉ ጭጭ አለ። እሰይ! አልኩ በሆዴ፣ አሁን ዘነቡ ትምጣና ትይ።

በማግስቱ ከሃምሳው ተማሪዬ ሠላሳው መጡ። በሦስተኛው ቀን አሥራ አራት። የዘነቡ ራኩባ ግን ሞልቶ ልጆቹ ከጥላው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እርር ድብን አልኩ። ልጆቹ ፊት ሄጄ፣ "ልጆቼን መልሺልኝ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ወላሂ እኔ አልጠራኋቸውም፣ እቴ። ራሳቸው ናቸው የመጡት።"

"ሕግ የለሽ፣ ሥርዓት የለሽ! ታዲያ ለምን አይመጡ?"

"ሕግማ አለኝ። የረበሸ እኔ አጠገብ መጥቶ ይቀመጣል፣ ኸላስ፣ በቃ" አለችኝ።

ይኼ ቅጣት ነው? አጠገቧ ለመቀመጥ ብለው የሚረብሹ ስንት ነበሩ!

በቀጥታ ጋሽ ታፈረ ዘንድ ሄጄ ከሰስኳት። አንድ ልጅ ሳይቀር በግድ እንዲመልሱልኝ ጠየቅኩ። እሳቸው እስክጨርስ ሰሙኝና፣ "ወደ ዘነቡ የሄዱትንስ አይቻቸዋለሁ። ስመኝ የታለች?" አሉኝ። ስመኝ ስምንት ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ ናት፤ ከጎኗ ካለችው ጋር አውርታ አሥራ አንዱ ውስጥ ገብታለች። ዘነቡንም አስጠሩና፣ "ከሁለታችሁም ዘንድ የለችም። ሁለት ቀን ሙሉ አጥሚት አልጠጣችም። አብራችሁ ሂዱና አምጧት" አሉን።

ሄድን። መንገዱን ሙሉ ከዘነቡ ፊት ፊት ሄድኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከየድንኳኑ ደጅ አሲዳ የሚሉት ገንፎ ጭስ ይወጣል። የስመኝ እናት ደጅ ላይ እሳት እያቀጣጠለች ነበር። እኔን ስታይ ተነሥታ በሩን ይዛ ቆመች።

"ልጄ የለችም" አለች። ከኋላዋ ግን በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታያል።

"እናት ዓለም፣ አጥሚቱ እንኳ እንዳይቀርባት ብለን..." ስል አቋረጠችኝ።

"ስሟን ያስጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል? አባቷንም እህል ልንሰጥህ ነው ብለው ስሙን ጻፉት። በማግስቱ በዝርዝሩ እየጠሩ መኪና ላይ አወጧቸው። ሰፈራ ነው አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ የበላው ጅብ አልጮኸም። ልጅቷ ቆማ ታይ ነበር። አሁን ደግሞ የእሷን ስም ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ ጠራችሁት!"

ስላወራች ነው የተጻፈችው፣ ለሌላ አይደለም ልላት ስል ነገሩ ገባኝ። ያ ሁሉ ልጅ ከእኔ የሸሸው በዘነቡ ሳቅ ተታልሎ አልነበረም። ፈርቶኝ ነው።

ዘነቡ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ወደ ብርድ ልብሱ፣ "ስመኝዬ፣ ወረቀቱን እዚሁ ፊትሽ ብናቃጥለውስ?" አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔ ግን ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? እኔ ልለው የሚገባኝን ቀደመችኝ! አልኩ። እዚያ ደጅ ላይ፣ ልጅቷ ተርባ በተደበቀችበት ሰዓት፣ እኔ በዘነቡ ቀናሁ። አፈር ልብላ።

ወረቀቱ ከጡቴ ሥር ነበር፤ እንደ ሹመት ይዤው እዞር ነበር። አውጥቼ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት። እናትየው አመድ እስኪሆን ዓይኗን አልነቀለችም። ስመኝ ቀስ ብላ ወጣች። እጄን ዘረጋሁላት። አለፈችኝና የዘነቡን እጅ ያዘች። የዚያን ቀን አጥሚቷን ከዘነቡ አጠገብ ተቀምጣ ጠጣች፤ እኔም ቆሜ አየሁ።

ለሰሊጥ አጨዳው ዘነቡ ከአባቷ ጋር ሀዋታ ወደምትባል ከተማ ሄደች። እዚያ ላስተምር ብላ ጠይቃ፣ አራተኛ ክፍል ነሽ ብለው መለሷት ሲሉ ሰማሁ። እኔን ገዳሪፍ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ናት ብለው ቀጠሩኝ። ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ። አንድም ቀን የልጅ ስም አላስጻፍኩም፤ የረበሸ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። አስተማሪዎች እየመጡ አዩ፤ ወላጆች በተሰበሰቡበት "የእትዬ ብርቱካን ዘዴ" ተብሎ ተጨበጨበልኝ። ከየት አገኙት ሲሉኝ "ከራሴ" እላለሁ። ዘነቡ የሚለው ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ዛሬ ጸጉሬ ሸብቶም ቅናቱ አልለቀቀኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ፣ እዚህ ስደርስ፣ ማን ያውቅብሻል፣ ዝም በዪ አለኝ ልቤ። ዝም አልልም። እኔ የምስክር ወረቀት ነበረኝ፤ አስተማሪዋ ግን ዘነቡ ነበረች።