ሚጢጢው

ፀጉር አስተካካዩ አባቱ ጊታር ያስያዘው ገና የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ነው። በስምንት ዓመቱ አንቱ የተባሉ የጃዝ ተጫዋቾች አፋቸውን ከፍተው ይሰሙት ነበር። አንድ ሆቴል ፎቶውን የአዳራሹ በር ላይ ሰቀለው፤ «ሚጢጢው» የሚለው ስምም በዚያው ተለጠፈበት።

ሙዚቃውን ይወደው ነበር። የሚቀፈው ሌላው ነው። ከመድረክ ሲወርድ አባቱ በየጠረጴዛው ያዞረዋል፤ ሞቅ ያላቸው ወይዛዝርት ጉንጩን እየቆነጠጡ መጠጥ መጠጥ በሚሸት አፋቸው ይስሙታል። ምራቃቸውን በእጅጌው ሲጠርግ አባቱ በክርኑ ይጎስመውና «ፈገግ በል እንጂ!» ይለዋል፣ ጥርሱን ነክሶ።

ዕድሜ ግን አልቆምላቸው አለ። ጢሙ ሲያቆጠቁጥ አባቱ ይላጨው ጀመር። አባቱና የሆቴሉ ሰዎች አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ጎረምሳ ቁምጣ አልብሰው «የአሥር ዓመቱ ተአምር!» እያሉ ያስጨበጭቡለታል። አባቱ የእግሩን ፀጉር የላጨው ዕለት ልጁ መታጠቢያ ቤት ገብቶ አስመለሰው።

ከሁሉም ያንገሸገሸው ግን ሶሎው፣ ለብቻው የሚጫወተው ክፍል፣ ነበር። ጃዝ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጠር ነገር ነው፤ እሱ ግን በልጅነቱ የፈጠራትን አንዲት ሶሎ ሳያዛንፍ እንዲደግም ተፈረደበት። «ሰው የሚመጣው ለእሷ ነው፤ አርፈህ ተጫወት!» ይለዋል አባቱ።

አንድ ምሽት እጁ እምቢ አለ። ቀስ ያለ፣ አዲስ ነገር ጀመረ። አብሮት የሚጫወተው ሽማግሌ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቀና ብሎ አየውና ተከተለው። አዳራሹ አጉረመረመ። አባቱ ከመጋረጃው ጀርባ «የለመዱትን ስጣቸው፣ አንተ ደነዝ!» ሲል ድምፁ በማይክራፎኑ ወጣ፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚጢጢው ከጊታሩ የማጉያውን ሽቦ ነቀለ፤ ጊታሩን ወንበር ላይ ጥሎ በቁምጣው ጎዳና ወጣ።

ወደ አባቱም አልተመለሰም። አክስቱ ዘንድ ተጠግቶ የሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ጥገና ተማረና ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ለዓመታት የጊታር ክር አልነካም፤ የጠገነው ሬዲዮ ሙዚቃ ሲጀምር ጣቢያውን ይቀይረዋል። አንድ ቀን ያ የቤዝ ተጫዋች የተበላሸ ማጉያ ተሸክሞ ሱቁ ከች አለ።

«እጅህ አለ ወይስ ሞተ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።»

«እኔ ቤት ሰሚ የለም። ሚስቴም ብትሆን ጆሮዋ ከከዳት ቆየ።»

ሚጢጢው ሳቀና ሽማግሌው ቤት ሄደ። ጣቶቹ ደርቀው ነበር፤ ቢሆንም እሁድ እሁድ እየተገናኙ ሁለቱ ብቻ የመጣላቸውን ይጫወታሉ። አንዴ የሽማግሌው ጎረቤት የሆኑ አሮጊት በራፉ ላይ ቆመው ሲያጨበጭቡ የሚጢጢው ፊት ጭምድድ አለ።

«እማማ፣ ይግቡና ይቀመጡ፤ ግን እባክዎ አያጨብጭቡ» አላቸውና ቀጠለ።