ለሞግዚቱ የተሰጠ ጡጦ

በፖሊስ ጣቢያው ሁላችንም «ሞግዚቱ» ነበር የምንለው። የእስረኞች ክፍል ጠባቂ ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ሲራመድ ቁልፎቹ ጭኑ ላይ የሚንቃጨሉ ሰው። እኔ ኮሪደሩን የማጸዳ ሴት ነኝ፤ ስንት ዘመን አብረን ውለናል። ስሙን ያወጣለት አዛዡ ነው፤ መቼም ሰው በማዋረድ እሱን የሚስተካከለው የለም።

ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሰክሮ ወይም ተጎድቶ የገባ ሰው ካለ በሩን ከፍተህ ግባ፤ ትከሻውን ነቅንቀው፤ ሲመልስልህ ፊቱን እይ። ሌሎቹ ጠባቂዎች ደንቡን ቀና ብለው የሚያዩት ዝንብ ሲያርፍበት ብቻ ነው። ሞግዚቱ ግን ይገባል። በር የሚከፈተው ለሁለት ሆኖ ስለሆነ፣ ካርታ የሚጫወተውን ባልደረባውን ወትውቶ ያስነሳዋል።

«ተኝቷል እኮ! ምን አድርግ ትለዋለህ?»

«መተኛቱን ልይ።»

እየተሰደበ ይገባል። አንድ ጊዜ ትውከት ሊያንቀው የነበረን ሹፌር በጎኑ አስተኝቶ አትርፏል። ያመሰገነው የለም፤ ትውከቱን የጠረግሁት እኔ ነኝና እኔ አልረሳውም።

ከዚያ የዓመቱ ስብሰባ መጣ። አዛዡ ሽልማት ሲያድል ቆይቶ ሞግዚቱን ወደ መድረክ ጠራና ከኪሱ ጡጦ አወጣ። «እንካ፣ ለልጆችህ! እንዳያለቅሱብህ!» አለው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሞግዚቱ ሚስትና ሴት ልጅ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ልጅቱም ሳቀች። እሱ ጡጦውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ያን ዕለት አዛዡን በመጥረጊያዬ ብመታው እንዴት ደስ ባለኝ!

ከዚያ ወዲህ በር መክፈት ተወ። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት አፉን አስጠግቶ ይጣራል፤ «አቤት» የሚል ድምፅ ከሰማ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት አንድ ግንበኛ አመጡ፤ ልብሱ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው። መንገድ ዳር ግንብ ተደግፎ ነው ያገኙት። ሲጠይቁት አልመለሰም፤ ሲያስነሱት ተንገዳገደ። «መጠጥ ምላሱን ቆልፎታል» ብለው ከሁለት ኪስ አውላቂዎች ጋር ዘጉበት። ሲያስገቡት አይቼዋለሁ። ላብ አጥምቆታል። በጣቱ አፉን፣ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ያለውን የሻይ ስኳር ደጋግሞ ያሳያል። «ሻይም አማረው!» ብለው ተሳሳቁበት።

ሞግዚቱ ተጣራ። «ግንበኛው!»

«አቤት!»

ቆይቶ ደግሞ ተጣራ፤ ያው «አቤት» መጣ። በሦስተኛው ድምፁ ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር። የሞግዚቱ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ። ዞሮ ባልደረባውን አየው። ባልደረባው ካርታውን ሳያስቀምጥ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ እንደ ሕፃን ጠባ። ሞግዚቱ ቁልፉን ለቀቀው።

ምሳ ሲታደል ግንበኛው አልተነሳም። ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

የግንበኛው ሚስት ስትፈልገው ውላ ፀሐይ ሳትገባ ደረሰች፤ በመዳፏ ከረሜላ ጨብጣለች። ስኳር በሽታ እንዳለበት፣ ሲደክመው ጣፋጭ እንደሚያነሳው ለማስረዳት ትጣደፋለች። አዛዡ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና መሞቱን ነገራት። ሲፈልግ ጨዋ ነው፤ ድምፁን አለሳልሶ፣ «እህቴ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው። እኛ እንደ ዓይናችን ብሌን ነው የጠበቅነው። በየጊዜው ሲጠራ ይመልስ ነበር፤ ይኸው ጠባቂያችን ይመስክር» አላት።

ሞግዚቱ ግድግዳውን እያየ፣ «አዎ ልጄ፤ በጠራሁት ቁጥር 'አቤት' ብሎኛል» አለ።

ሴትዮዋ ልቅሶዋን አቆመች።

«ማን?»

«ባለቤትሽ።»

«ባሌ? ባሌ እኮ ከተወለደ ጀምሮ ዱዳ ነው! የልጆቹን ስም እንኳ አንድ ቀን ጠርቶ አያውቅም። አባቴ፣ ማን ነው 'አቤት' ያለዎት?»

ሞግዚቱ ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። አዛዡ የሻዩን ብርጭቆ ፈቀቅ አድርጎ ቁልፎቹን መልሶ ገፋለት።

«ተረኛ ነህ» አለው።