የጋሼ ማሞ ጠብታ

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ማሞ ጥቁር መነጽር ሰክተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ክሊኒካችን ገቡ... ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፣ አምቦዎች ግን ታውቋቸዋላችሁ።

ጋሼ ማሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉ ሰው ናቸው። ገበያው አጠገብ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ሲያልፍ ከኪሳቸው ጠብታ ያወጣሉ። አንድ ብልቃጥ ለአገር ሁሉ! ጫፉ የስንቱን ሽፋሽፍት እንደነካ ፈጣሪ ይወቀው።

አምና በውቂያ ሰሞን ኦቦ ደበላ የሚባሉ የደንዲ ገበሬ ዓይን ውስጥ የስንዴ ገለባ ገባ። ሌላኛው ዓይናቸው ድሮውንም አያይም፤ የቀረቻቸው ይቺው ነበረች። ገበያ ሲወጡ ጋሼ ማሞ ጠብ አደረጉላቸው። ቅላቱ ጠፋ። ጋሼ ተመረቁ፣ ዶሮ ሁሉ መጣላቸው!

ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ደበላን ሴት ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ወደ እኔ አመጣቻቸው።

«አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ሲስተር... ብርሃን ይወጋኛል። ልጄንም እንደ ጭጋግ ነው የማያት» አሉኝ።

ቁስል የሚያሳየውን ቀለም ዓይናቸው ላይ ጨምሬ በሰማያዊው መብራት ሳየው፣ ጥቁሩ ላይ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ያ ጠብታ ቅላቱን ያስተኛል እንጂ ጀርሙን አይገድልም፤ ጭራሽ ያደልበዋል!

በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላክናቸው። እዚያ ቁስሉን ፍቀው መረመሩ፣ ትክክለኛውን መድኃኒት ቀን ከሌት በየሰዓቱ ጨመሩላቸው። ዓይናቸው ጠባሳ ቢቀርባትም ተረፈች። ዛሬ በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ይለያሉ።

ጋሼ ማሞስ? «እኔ ባልጀምርላቸው ኖሮ ታውረው ነበር!» ብለው በየሱቁ አወሩ። አይ ዓይን ያወጣ ውሸት!

እና ዛሬ መነጽራቸውን ሲያወልቁ ዓይናቸው ቲማቲም መስሏል።

«ምነው ጋሼ፣ ጠብታዎ አለቀ እንዴ?» አልኳቸው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ኧረ አለ... ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሲስተር፣ በዓይን ቀልድ የለም እኮ!» አይሉኝም?!

ብልቃጡን ተቀብዬ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከጣልኩት በኋላ አከምኳቸው።

የኦቦ ደበላ ዓይን ታዲያ ምን መስሏቸው ነበር... የሸሚዝ ቁልፍ?