ከምንጣፉ ሥር ያለው ወለል

በደርግ ዘመን መሥሪያ ቤታችን ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ሳንቃው ሲረገጥ የሚጮኽ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሲመጣልን ከታይፕ ክፍል ተመርጬ እኔ ተረከብኩት። ኃላፊያችን ለማሽኑ ክብር ብለው ክፍሉን የናይሎን ምንጣፍ አለበሱት። በበጋው ደረቅ አየር በዚያ ላይ ተራምዶ ማሽኑን የነካን ሰው ሁሉ ይነዝረው ጀመር፤ አንድ ቀን ማሽኑ ራሱ ቀጥ አለ።

ሊጠግን የመጣው ባለሙያ ጥፋቱ የወለሉ ነው አለ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሲሚንቶ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ አቧራው ማሽኑን ይጨርሰዋል ተባለ። ሳንቃው ሰም ይቀባ ያሉም አልጠፉም። በመጨረሻ ባለሙያው ያለው ተመረጠ፤ ከጫማ የሚነሳውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ግራጫ የጎማ ንጣፍ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ለእኔም ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ማሽኑ ዳግመኛ ከቆመ ነገሩ "አሻጥር" ይባላል። ያን ጊዜ ይህ ቃል ሰው ያስበላ ነበር።

ንጣፉ እንደገባ አንድ ትልቅ ጓድ ሊጎበኙን ሆነ። በዕለቱ ጠዋት ክፍሉን ስከፍት፣ ኃላፊያችን ከራስ መኮንን ድልድይ የገዙትን ቀይ ምንጣፍ በአዲሱ ወለል ላይ አንጥፈውበታል።

"ምነው ጓድ?" አልኳቸው።

"በውጭ ምንዛሪ የመጣ ወለል በጫማ ይረገጣል እንዴ? ይቆሽሻል!"

"የመጣው እኮ ሊረገጥ ነው!"

"አንቺ ደግሞ! ቀይ ነው፣ ያምራል። በቃ።"

እኚህ ሰው የሳሎናቸውን ሶፋ ከገዙት ጀምሮ ላስቲኩን ያላወለቁለት ናቸው፤ ምን ይባላል? ምንጣፉ ግን እንደ ናይሎኑ ሊነዝር፣ ጥፋቱም በእኔ ሊላከክ ነው። እርጥብ ነገር እንደማይነዝር ባለሙያው ሲናገር ሰምቼ ነበርና፣ ዞር ሲሉልኝ ቤት ከመጥረጌ በፊት እንደማደርገው ምንጣፉ ላይ ውሃ አርከፈከፍኩበት። ሳላበዛው አልቀረሁም።

እንግዳው ጫማቸው ጨቅ ጨቅ እያለ ገቡ። ማሽኑን ነኩት። ሠራ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"ለመሆኑ ያ የውጭ ምንዛሪ ያስፈረማችሁኝ ወለል የታለ?" አሉ።

ኃላፊያችን ምንጣፉን በገዛ እጃቸው ጠቀለሉት። ቀለሙ ለቆ ግራጫው ወለል ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ኃላፊያችንም ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

እንግዳው ግን ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው በራ። "ቀዩን ማስመጣታችሁ እንዴት ደስ ይላል! ማነው የመረጠው?"

የኃላፊያችን ጣት አየር ላይ እንዳለ ታጥፎ ወደ ደረታቸው ዞረ።

"እኔ ነኝ፣ ጓድ።"