ከሐዘን ቤት አጠገብ የተወለደው ልጅ

ጎረቤታችን ስትወልድ እልል አልተባለም። ባሏ ከጤና ጣቢያ በራሱ ባጃጅ ይዟት መጣ፤ የሰፈሩ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። አንዷ አፏን ልትከፍት ስትል ሌላዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና ሁሉም ድምፃቸውን አጥፍተው ገቡ። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፤ ያውም ወንድ። ጣራ የሚነቅል እልልታ ይገባው ነበር። ከግድግዳው ወዲህ ግን እኛ ሐዘን ላይ ነበርን።

ቤታችን ደባርቅ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነው። ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንደኛው ወገን እናቴ፣ በሌላው ወገን እነሱ ይኖራሉ። መካከል ያለው ግድግዳ ጣራው ድረስ አይዘልቅም። እነሱ ሲያስሉ እኛ እንሰማለን፤ እኛ ስናወራ እነሱ ይሰማሉ። በደህናው ቀን ይህ ያስቀን ነበር። እናቴ ከዚህ ሆና "ወጡ እያረረ ነው!" ብላ ስትጮህ ሚስቲቱ ከዚያ ሆና ድስቷን ታወርድ ነበር።

ወንድሜ ከቡይት ራስ በላይ ባለው የተራራ ፓርክ ጥበቃ፣ ስካውት ነበር። ጠመንጃውን አንግቶ ቱሪስት እየተከተለ ገደል ለገደል ሲዞር ይውላል። ጦርነቱ ሲመጣ ቱሪስቱ ቀረ፤ እሱም ከጓደኞቹ ጋር ዘመተ። ከዚያ አንድ አብሮት የነበረ ልጅ በክራንች እያነከሰ መጥቶ መሞቱን ነገረን። እዚያው ቀብረውታል። እኛ ፎቶግራፉንና ጃኬቱን አስቀምጠን አለቀስን። እኔ የማስተምረው ደባት ነው፤ ፈቃድ ጠይቄ እናቴ ዘንድ ገባሁ።

አለቀስን ስል እኔንና ሰዉን ነው። እናቴ አላለቀሰችም። አልቃሿ የወንድሜን ቁመናና ደግነት እየጠራች ድፍን ሰፈሩን ስታስለቅስ፣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ዙሪያዋን ታያለች፤ ጎንበስ ብላም "እንግዶቹ በሉ ወይ?" ትለኛለች። ሰው ከተበተነ በኋላም ያው ነው። እንባ የለም። "ሲመጣ" ትላለች እንጂ ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። ራት ሳቀርብ "የሱን ለይተሽ አስቀምጪ" ትለኛለች፤ እኔም ሳልከራከር ለይቼ አስቀምጣለሁ። እሷ ራሷ እህል እንደ መድኃኒት ቆንጥራ ነው የምትቀምሰው፤ ሰውነቷ ዓይኔ እያየ አለቀ። አሮጊቶቹ ወደ ጎን ወስደው "አስለቅሻት ልጄ። ካልወጣላት ይገድላታል" ይሉኛል። እናት እንዴት ነው የምታስለቅሰው? እሱን የሚነግረኝ አልነበረም። እንድታለቅስ ግን በየቀኑ እጸልይ ነበር።

እንግዲህ ያ ልጅ የመጣው በዚህ ቤት ላይ ነው።

ከምሳ በኋላ ለቅሶውን ይጀምራል፤ ከብቶቹ ከመስክ እስኪመለሱ አያባራም። ጭብጥ የሚያህል ልጅ ይህን ያህል ድምፅ ከየት እንደሚያመጣው እግዜር ይወቅ። ሬዲዮ ከፍቼ እንዳልከላከለው ሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅሁ፤ ጥጡን አልፎ ገባ። ነጠላ ተከናንቤ ተኛሁ፤ ነጠላ ምን ያደርጋል። የታጠበ ዕቃ መልሼ አጠብኩ፤ ገበያ ወጥቼ የማልገዛውን ሽንኩርት ዋጋ ስጠይቅ ዋልኩ። አንዳንዴ ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ቆሜ "አንተ ልጅ፣ ስለ ማርያም ብለህ!" እላለሁ፤ በሹክሹክታ ነው ታዲያ፣ እንዳይሰሙኝ። ቁጣዬ በጩኸቱ ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ትንፋሽ ለዚህ ሰጥቶ ከወንድሜ የነጠቀውን አምላክ፣ የንስሐ አባቴ ቢሰሙ የሚያስቀጣኝን ነገር በሆዴ እለው ነበር።

እነሱም አላረፉም። ባልየው ባጃጁን ግቢ ውስጥ አያስነሳትም፤ መንገድ ድረስ እየገፋ ይወስዳታል። የሚስቲቱ እናት ከደረስጌ አራስ ልጇን ልታርስ መጥታ ስለነበር ገና እንደገባች እኛ ዘንድ መጣች። በሩ ላይ ቆማ እጅ ነሳች።

"ምን ብዬ ልግባ እንግዲህ" አለች፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች። "ሐዘናችሁን አረከስንባችሁ። ሆዱን እየቆረጠው ነው መሰል፤ ጤና አዳሙንም አስሸተትነው፣ ስመ እግዚአብሔርም ጠራንበት፣ እምቢ አለ። ምን እናድርገው?"

"ኧረ ምንም አይደለም እናቴ! እንዲያውም አይሰማንም" አልኳት። ጥጡ ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ ነበር። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ያለ ሐፍረት ያስዋሻል።

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና "በላሽ ወይ?" አለቻት።

ሴትዮዋ ትንሽ ሰንብታ ለገብሱ አጨዳ ወደ ደረስጌ ተመለሰች። እሷ በሄደች ማግስት ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀን የለም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጥጤን አውጥቼ ጣልኩ፣ ተዘርግቼ ተኛሁ። እናቴ ግን መቁነጥነጥ ጀመረች። ከመደቡ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ወደ ግድግዳው ታያለች።

"ልጁ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ተሻለው መሰለኝ።"

"እንዲህ በአንድ ጊዜ?"

ገርሞኝ አየኋት። ከእንግዳና ከምግብ ሌላ ከጠየቀችኝ ሰንብታለች። በማግስቱ ደግሞ ራሷ ግድግዳው ሥር ሄዳ ጆሮዋን ስትጥል አገኘኋት። ከወዲያ ቤት ኮሽታ የለም።

የዚያን ዕለት ኃይለኛ ነፋስ ነበር፤ የደባርቅ የከሰዓት ነፋስ ደግሞ የታወቀ ነው። ጓሮ ያሰጣሁትን ልብስ እንዳይወስድብኝ ልሰበስብ ስወጣ እናቴ ተከትላኝ ወጣች። ገመዱ ሥር እንደቆምን ከታጨደው ማሳ ማዶ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ጋቢ የተከናነበች ሴት ወዲያና ወዲህ ስትል አየን። ነፋሱ አንዳንዴ ድምፁን ያመጣዋል፤ የሕፃን ለቅሶ ነው።

"ያቺ አራሷ አይደለችም?" አለች እናቴ።

"ናት።"

"በዚህ ብርድ? ልጁ ሳይጠመቅ?"

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ አራስ ደጅ አትወጣም፤ ሕፃኑንማ ለነፋስም ለሰው ዓይንም የሚያወጣው የለም። እናቴ መልሴን አልጠበቀችም። እህል በቅጡ ያልቀመሰች ሴት ገለባውን እየረገጠች ማሳውን አቋርጣ ስትሄድ፣ እኔ እርጥብ ልብስ እንደታቀፍኩ ከኋላዋ ሮጥኩ።

አራሷ ስታየን ደነገጠች። አፍንጫዋ በብርዱ ቀልቷል።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ" አለች። "እዚህ ድረስ ከራቅሁ አይሰማዎትም ብዬ ነው። በሐዘንዎ ላይ ልጅ እያስጮህሁ... ሰውስ ምን ይለኛል?"

"ሰሞኑን ሁሉ እዚህ ነሽ?"

"ሲጀምረው ይዤው እወጣለሁ። ሲተወው እንመለሳለን።"

እኔ ተዘርግቼ ስተኛ እሷ እዚህ ቆማ ነበር ማለት ነው። አንጀቴን በላችው። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ሕፃኑን ደርባ ሸፈነችውና "አምጪው" አለች። ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ወደ እነሱ ቤት ይዛው ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኑን በክንዷ ላይ በሆዱ አስተኝታ ጀርባውን ማሸት ያዘች። እሱ እንደሆነ ባሰበት። ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ጮኸ።

ልጅቷ እጇን ዘረጋች። "ልቀበልዎ እማማ፤ ይረብሽዎታል።"

"ምን ይረብሸኛል?" አለች እናቴ። እጇ ከልጁ ጀርባ ላይ አልተነሳም። "ልጄ እኮ ነው የሞተብኝ። የልጅ ድምፅ ምን አደረገኝ?"

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሞተ የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ገና ያን ጊዜ የሰማችው ይመስል ሕፃኑን አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳል ያዛት ብዬ ነበር። "ልጄ" አለች ዝቅ ብላ። ደግማ "ልጄ! ልጄ!" ስትል ግን ድምፁ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። እንባዋ በአገጯ ላይ እየወረደ የሕፃኑን ጀርባ አራሰው። እሱም አላቆመም። ልጅቷ ግራ ገብቷት እሷም ታለቅሳለች።

"ልውሰደው ይሆን?" አለችኝ በሹክሹክታ።

እናቴ ሰማቻት። "ተይው" አለች። "ተይው፣ አብሮኝ ያልቅስ።"

ለቅሶውን የሰሙ ሴቶች እየሮጡ መጡ። ነገሩ ሲገባቸው አንዷ አሮጊት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ "ተመስገን ጌታዬ፤ ወጣላት!" አለች። ሌሎቹም "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ። ወደ እኔ ዞረውም አብሬያቸው እንዳመሰግን ይጠብቃሉ። ስጸልይበት የነበረው ነገር ነው የተሰጠኝ።

እኔ ግን በሩ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ከሰው ጋር ስጮህ የሰነበትኩት የእናቴን ደረቅ ዓይን ተማምኜ ነው። ያ በክራንች የመጣው ልጅ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ጦር ሜዳ ሰው ከሰው ይመሳሰላል፤ እናት እኮ ታውቃለች፤ እሷ ካላለቀሰች አንድ የምታውቀው ነገር አለ፤ እንዲህ እያልኩ ከሆዴ ሥር ደብቄ ይዤው ነበር። እንድታለቅስ ስጸልይ እንኳ በልቤ እንዳታለቅስ እለምን ነበር። አሁን አለቀሰች።

እናቴ ከዚያ በኋላ እህል መቅመስ ጀመረች፤ ተርፋለች። ሰዎች ወንድምሽ መቼ ነው የሞተው ሲሉኝ የነገሩንን ቀን እናገራለሁ። ለእኔ ግን ወንድሜ የሞተው ጎረቤታችን ቤት፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እናቴ የሌላ ሰው ልጅ ታቅፋ ያለቀሰች ዕለት ነው።