የኤሊ ቤቱ አዲስ ገቢ

ኤቢሴ ሰው አያያዝ የምታውቅ ሴት ነበረች። አዳማ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር ሃያ ስምንት ዓመት ስትኖር የማን ልጅ ታሞ እንደከረመ፣ የማን እናት ከአርሲ እንደመጣች ሳትጠይቅ አልፋ አታውቅም። ይህ ግን ባሏ ሰንበታ ከመውደቁ በፊት ነው። ሰንበታ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ምላሱም አብሮ ተያዘ። ኤቢሴ የሆቴል ወጥ ቤት ሥራዋን ትታ ከአልጋው አጠገብ ቀረች። አንድ ጊዜ ሱቅ ደርሳ ብትመለስ መሬት ላይ ወድቆ፣ ግንባሩ ደምቶ አገኘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የግቢውን በር ተሻግራ አታውቅም። ዕድር ቀረ፣ ገበያ ቀረ፤ ሽንኩርትና ዘይት እንኳ የምታመጣላት ተከራይዋ ዋፊቃ ነች።

በቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ነፍስ አለ፤ ሻምበል የሚባል ኤሊ። ሰንበታ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከመተሐራ ሲመለስ አስፋልት ዳር አግኝቶ በጋቢናው ያመጣው ነው። አረማመዱ ጡረታ የወጣ መኮንን ይመስላል ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ሰንበታ ከታመመ በኋላ ግን ተከራዮች የግቢውን በር ክፍት እየተዉ፣ መንገዱም የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ፣ ኤቢሴ ሻምበልን ጓዳ ውስጥ ዘጋችበት። ዳቦና ጥቅል ጎመን ትጥልለታለች። ጓዳው መስኮት የለውም።

በመጋቢት ሙቀት ሻምበል መብላት አቆመ። ዓይኖቹ አብጠው ተከደኑ። ሰንበታ ጠዋት ጠዋት አንገቱን ወደ ጓዳው በር እያዞረ "እ... እ..." ይላል። ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ኤሊውን ታቅፋ ሐኪም ፍለጋ እንዳትወጣ ሰንበታን ለማን ትተወው?

ዱከም ፋብሪካ የምትሠራው ልጇ ጋዲሴ በስልክ፣ "እማ፣ ኤሊ የሚያሳድጉ ሰዎች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላቸው፤ ሊንኩን እልክልሻለሁ፣ እዚያ ጠይቂ" አለቻት። ግሩፑ "የኤሊ ቤት" ይባላል። ከሺህ በላይ ሰው አለበት።

ቤት ከተባለማ፣ ኤቢሴ ሰው ቤት ሲገባ የሚደረገውን አደረገች። ድምፅ መቅጃውን ተጭና "አካም ጅርቱ፣ እንደምን ከረማችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል" እያለች አራት ደቂቃ የሚፈጅ ሰላምታ ላከች። ቀጥላ በዚያ ቀን የጻፉትን ሁሉ ስማቸውን እየጠራች አንድ በአንድ ሰላም አለች። የሻምበልን ነገር ያነሣችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፎቶውም በጨለማው ጓዳ ስለተነሣ ድንጋይ ይሁን ኤሊ አይለይም። አሥር ደቂቃ ጠብቃ መልስ ስታጣ ለግሩፑ ኃላፊ ደወለች። ኃላፊዋ ሉሊት የምትባል፣ ቢሾፍቱ የምትኖር የእንስሳት ሐኪም ናት። አላነሣችም። ኤቢሴ ደግማ ደወለች።

"እናት፣ መጀመሪያ ከላይ የተሰካውን ጽሑፍ ያንብቡ" ሲል ኢተፋ የተባለ አባል ጻፈላት። የተሰካ ነገር ብትፈልግ አጣች። በዚህ መሃል አንዲት ሴት የምታሳድገውን እንሽላሊት እህል እንዳስጠላው ስትጽፍ የኤቢሴ አንጀት አልቻለም። "ጤና አዳም ጨምቀሽ አጠጪው የኔ እናት፣ ለሆድ ፍቱን ነው" አለቻት። ያኔ ግሩፑ በአንድ ድምፅ ተነሣባት።

"የማያውቁትን መድኃኒት አይዘዙ!"

"እንስሳ ሊገድሉ ነው እንዴ?"

ብዙም ሳይቆይ የመጻፊያው ቦታ ጠፋ። በምትኩ ለሦስት ቀን መጻፍ እንደማትችል የሚገልጽ ማስታወቂያ መጣ።

ኤቢሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። "ይኸውልህ ሰንበታ፣ እዚህም ዘጉብኝ" አለች። ሰንበታ ዓይኑን ከጓዳው በር አልነቀለም።

መናገር ሲከለከል ማንበብ ብቻ ቀረላት። የተሰካውን ጽሑፍ በማግስቱ ዋፊቃ አሳየቻት፤ ከላይ በኩል ቀጭን መስመር ሆኖ ኖሯል። ሰንበታን ከጎን ወደ ጎን እያገላበጠች፣ ጀርባውን ቅባት እያሸች፣ ጮክ ብላ አነበበችለት። አዲስ የገባ ሰው ከመጠየቁ በፊት ሌሎች የጠየቁትን ይፈልግ ይላል። ጥያቄው አጭር፣ ፎቶው ጥርት ያለ ይሁን፤ ምን እንደሚያበላና የት እንደሚያኖር አይደብቅ፤ ኃላፊዎቹ ላይ አይደውል፤ ሳያውቅ መድኃኒት አይዘዝ። እንስሳ ከዱር ማንሣትማ ጨርሶ ክልክል ነው።

"ዕድር ማለት ነው እኮ" አለችው ለሰንበታ። "አዲስ አባል በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ ያወራል? ቁጭ ብሎ ደንቡ ሲነበብ ይሰማል። እኔ ይህን አጥቼው ነው?"

መጻፊያው ሲመለስ የሻምበልን ዕድሜ፣ የሚበላውን፣ የጓዳውን ጨለማ አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ከየት እንደመጣ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እውነቱን ብትናገር ይወስዱት ይሆናል። ሰንበታ በዓይኑ የሚፈልገው ደግሞ ከእሱ ሌላ ነገር የለውም። ስልኩን አስቀመጠች፤ አነሣች፤ እንደገና አስቀመጠች። በመጨረሻ "ከመተሐራ መንገድ ዳር ነው የተነሣው። ክልክል መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው" ብላ ላከችው።

"ሌባ!" አለ አንዱ ወዲያው። ሉሊት ስድቡን አጠፋችና ራሷ ጻፈች፦

"እትዬ ኤቢሴ፣ ሳይደብቁ ስለነገሩን እናመሰግናለን። ኤሊውን የጎዳው ጨለማውና ዳቦው ነው። ሰርዶና እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል ይስጡት። ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ጥቂት ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከዚያ ፀሐይ ያግኝ፣ አጠገቡ ጥላም ይኑር። አሁን ዱር ቢመልሱት ይሞታል። ለሚመለከተው የዱር እንስሳት ቢሮ ግን ማሳወቅ አለብዎት፤ እኔ አግዝዎታለሁ።"

ፀሐይ ማለት በአፍ ቀላል ነው። ኤሊ ስትጠብቅ ግቢ ብትውል ሰንበታ ብቻውን ሊሆን ነው። ከዋፊቃ ጋር አልጋውን ሊያወጡ ሞከሩ፤ በሩ ጠበበ። በወንበር ሊያነሡት ሲሉ በሕመም ጮኸ፤ ተዉት። በመጨረሻ አልጋውን አዙረው ፊቱን ወደ መስኮቱ አደረጉለት። ከመስኮቱ ሥር፣ ዋፊቃ ልብስ የምታሰጣበትን ጥግ በአሮጌ ቆርቆሮ አጠሩት።

"እትዬ፣ እኔስ ልብሴን የት ላስጣ?"

"ራሴ ላይ አስጪው!"

ዋፊቃ እየሳቀች ገመዷን ፈታች።

በአምስተኛው ቀን የሻምበል አንድ ዓይን ተገለጠ። ሁለተኛውን ሉሊት ለሥራ አዳማ ስትመጣ መጥታ አየችው፤ ከእንግዲህ አይበራም አለች። የቢሮውንም ማመልከቻ ጽፋ ወሰደችላት፤ መልሱ እስኪመጣ ሻምበል እዚያው እንዲቆይ ሆነ። መብላቱን በላ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን በቅርፊቱ ይገፋል፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ጥጉን ዞሮ ይመጣና እንደገና ይገፋል። ሰንበታ በመስኮቱ ያየዋል። አንዳንዴ የሚያወጣው ድምፅ ሳቅ ይመስላል፤ አንዳንዴ እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል። ኤቢሴ በፎጣ ትጠርግለታለች።

በወሩ መጨረሻ ጋዲሴ እረፍት አግኝታ መጣች። የእናቷን ፊት አይታ፣ "እማ፣ ዛሬ እኔ አለሁ። ውጪ። እስኪመሽ እንዳላይሽ" አለችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ኤቢሴ ለሻምበል ሰርዶ ላምጣ ብላ ፌስታል ይዛ ወጣች። መናኸሪያው ማዕዘን ላይ አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቆመ።

"ማዘር፣ የት ላድርስዎት?"

አሰበች። እህቷ ወንጂ ናት። የድሮ ሥራ ቦታዋ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ገበያውም ቅርብ ነው። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃት። ጆሮዋ ግን እቤት ቀርቷል፤ ሰንበታ የተጣራ፣ አንድ ነገር መሬት የወደቀ ይመስላታል።

"የትም አልሄድ፣ ልጄ" አለችው።

ከቦዩ ዳር ሰርዶውን ነጨች፤ ፌስታሏ እስኪሞላ እንኳ አልጠበቀችም። ስትመለስ ጋዲሴ ገና ቤቱን ጠርጋ አልጨረሰችም ነበር።